በገበያ መካከል የሚጠይቀው ሰው



ሰው ገበያ የሚወጣው ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ አይደለም። ወሬ ይሰማል። ከዘመድ ጋር ይጠያየቃል። በጥንት ዘመን ግን በግሪክ አገር፣ አቴንስ በምትባል ከተማ፣ ሥራዬ ብሎ ለመጠየቅ ገበያ የሚወጣ ሰው ነበረ። ስሙ ሶቅራጥስ ይባላል። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ፣ እናቱ አዋላጅ ነበሩ። ስሙ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «አንጋረ ፈላስፋ» የሚባለው መጽሐፍ ያነሣዋል።

ሶቅራጥስ የእህል ዋጋ አይጠይቅም። የጦር አለቃ ሲያገኝ «ጀግንነት ምንድን ነው?» ይላል። ሃይማኖት አውቃለሁ የሚል ሲያገኝ «ቅዱስ የሚባለው ነገር ምንድን ነው?» ይላል። ሰውየው ይመልሳል። ሶቅራጥስ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው የመጀመሪያ መልሱን በገዛ አፉ ያፈርሰዋል። ሶቅራጥስ እንደ እናቱ አዋላጅ መሆኑን ይናገር ነበር። አዋላጅ ታግዛለች እንጂ ልጁን አትወልድም። ሐሳቡም የተጠያቂው ነው ማለቱ ነው። ለዚህ ሥራው ገንዘብ አይቀበልም። በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው።

ጎረምሶች ከበው ይሰሙታል። ትልልቅ ሰዎች መልስ ሲያጡ ማየት ደስ ይላቸዋል። ኋላ እነሱም እንደ እሱ ሰው መጠየቅ ጀመሩ። ይህ ነገር ብዙ ሰው አስቆጣ።

በዚያች ከተማ ሌላም የመናገሪያ ቦታ ነበረ። ከኮረብታ ሥር ጣራ የሌለው ትልቅ የቲያትር ቦታ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 ዓመት አሪስቶፋነስ የሚባል ደራሲ «ደመናዎች» የተባለ አስቂኝ ቲያትር በበዓል ቀን አሳየ። እኛ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ይህን ታሪክ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ነው ያነበብነው። ለተማሪዎቻችን በነገርናቸው ማታ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

አንድ ባላገር አለ። ልጁ ፈረስ ይወዳል። አባት በፈረስ የተነሣ ዕዳ ውስጥ ገባ። ታዲያ ዕዳውን በክርክር ለመካድ ብሎ ሶቅራጥስ ዘንድ ይሄዳል። ሶቅራጥስ በቅርጫት ተንጠልጥሎ ሰማይ ሲመረምር ያገኘዋል። በመጨረሻ ልጁ ክርክሩን ተማረና አባቱን መታ። መምታቱም ትክክል ነው ብሎ ተከራከረ! አባትየው ተናዶ የሶቅራጥስን ትምህርት ቤት አቃጠለ።

«ደግ አደረገ!» አሉ አንድ አባት ከኋላ።

ይሁን እንጂ እውነተኛው ሶቅራጥስ በቅርጫት አልተንጠለጠለም። ዕዳ ካዱ ብሎም አላስተማረም። ቲያትሩ ግን በሰው ልብ ቀረ። ከ24 ዓመት በኋላ፣ ሶቅራጥስ 70 ዓመት ሲሆነው ተከሰሰ። የከተማይቱን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችን ያበላሻል ተባለ። ዳኞቹ 500 ያህል ተራ ዜጎች ነበሩ። ሶቅራጥስ ራሱ ምንም የጻፈው ነገር የለም። ተማሪው ፕላቶን እንደጻፈው ግን፣ ከፊቱ ከቆሙት ከሳሾች ይልቅ ዳኞቹ በልጅነታቸው የሰሙትን የድሮ ሐሜት እንደሚፈራ ነገራቸው። ያንንም ቲያትር አነሣ። 30 ድምፅ ወደ እሱ ቢዞር ኖሮ ነፃ ይወጣ ነበር። መርዝ ጠጥቶ ሞተ።

«ደግ አደረገ» ያሉት አባት ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ለቲያትሩ ያኔውኑ መልስ መስጠት አይችልም ነበር እንዴ?» አሉ።

እኛ ቲያትር ይከልከል አንልም። አሪስቶፋነስ በጊዜው በነበሩት ባለሥልጣኖች ላይም ይሳለቅ ነበር። እንዲህ ያለ ድፍረት ለሕዝብ ይጠቅማል። ነገር ግን በገበያው ጨዋታ አድማጭ መልሶ ይጠይቃል። በቲያትር ግን ስቆ ቤቱ ይገባል፤ የሰማውን ማን ይመረምርለታል?

አንዲት እናት ደግሞ «ሴቶቹስ የት ነበሩ?» አሉ። እኚህ እናት እስከዚያ ማታ ድረስ በክፍል ውስጥ ድምፃቸው የሚሰማው ፊደል ሲቆጥሩ ብቻ ነበር። እውነቱን ነገርናቸው። በአቴንስ ዳኛ የሚሆነው 30 ዓመት የሞላው ነፃ ወንድ ዜጋ ብቻ ነው። ሴት አትፈርድም፤ በሸንጎም አትናገርም። ባሪያም እንዲሁ።

«እንግዲያ አብዛኛውን ሰው ሳይጠይቁ ነዋ የፈረዱት!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ዝም አላለም። ችሎቱን እኛው እንድገመው ተባለ። በማግሥቱ ማታ ከሳሽ ተመረጠ፤ ሶቅራጥስም ተመረጠ። ሌላው ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ዳኛ ሆነ። ይፈታ የሚል ባቄላ፣ ይቀጣ የሚል በቆሎ ቅል ውስጥ ጣለ። ሲቆጠር 19 ባቄላ፣ 14 በቆሎ ወጣ።

በቆሎ ከጣሉት አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ «ልጅ አባቱን በሰው ፊት ማፋጠጥ ከለመደ ቤት አይቆምም» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ያቺ እናት፣ «ታዲያ አባት ሲሳሳት ማን ይንገረው?» አሉ።

«ሚስቱ ትንገረዋ፣ በጓዳ!» አሉ ሽማግሌው።

«በጓዳማ ነግረን ነግረን ደከመን» አሉ እናትየው። ሳቁ ጋብ ሲል ክርክሩ እንደገና ተጀመረ፤ ወደየቤታችን ስንሄድም መንገድ ላይ ቀጠለ።