መልአክ ያላወጣው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ዘመን ግን የመልአኩን ሥራ የሚሻሙ በዝተዋል። ካሜራው ለፎቶው አንድ ስም ያወጣል፤ ስልኩ ሌላ፤ በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ እንደገና ክርስትና ይነሳል። ውሎ አድሮ «ክላውድ» ወደሚባለው ጎተራ ሲገባ ከእነዚህ አንዱን ተሸክሞ ይገባል። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ የሰው አፍ የማይጠራው ስም ነው።

በእኛ ቤተሰብ የዚህ ጎተራ ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች የሰርግ፣ የክርስትናና የተዝካር ፎቶ ይልኩልኛል። ሰብስቦ ማስቀመጡ የእኔ ፋንታ ነው። መቼም ፎቶው ሳይጠፋ የማን እንደሆነ ሊጠፋ ይችላል።

የመጀመሪያው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ስልካችን በፋይሉ ስም ውስጥ የሚጽፈው የፈረንጁን ዓመት ነው። ሰዓቱንም ቢሆን ጧት አንድ ሰዓት ያልነውን ሰባት ይለዋል። ይህ በሳቅ ይታለፍ ይሆናል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ግን በዳባት ወረዳ፣ ጭና በተባለው አካባቢ፣ ጦርነቱ ብዙ ንጹሐንን ቀጠፈ። ያን ሰሞን የደረሱኝ ፎቶዎች ሁሉ «2021» ተብሎ ነው የተጻፈባቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ «አያቴ ያረፉት በ2013 ነው» ብሎ ቢፈልግ የሚመጣለት በእኛ የ2005 ፎቶ ነው። ለቅሶ ሲፈልግ ሰርግ ያገኛል ማለት ነው።

«በራሳችን ፊደል ብንሰይመውስ?» ትሉ ይሆናል። ይቻላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሸክሙ ግን ከበድ ይላል፤ አንዱ ፊደላችን በተለመደው አሠራር ሦስት ባይት ይወስዳል። «ደባርቅ» የምትለው ባለ አራት ፊደል ቃል የኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ ስትገባ 36 ምልክት ሆና ልትዘረጋ ትችላለች። ከዚህ የሚብሰው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። አንዱ ዘመድ «ሰሜን»፣ ሌላው «ሠሜን» ብሎ ከጻፈ ለብዙ መፈለጊያ ሁለት የተለያየ አገር ናቸው። ተራራውንም «ራስ ደጀን» የሚል አለ፤ «ራስ ዳሸን» የሚልም አለ።

ስለዚህ ፎቶው ወደ ላይ ከመጫኑ በፊት ስሙ የሚስተካከልበት ሥርዓት ማበጀት ጀመርኩ፦ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ወሩ በቁጥር፣ ከዚያ ቦታውና ጉዳዩ። ወሩ በቁጥር የሆነው በፊደል ተራ ሐምሌ ከመስከረም ስለሚቀድም ነው። በቀን፣ በወርና በዓመት መሐል የለመድናትን ዘንበል ያለች መስመር ኮምፒውተር በፋይል ስም ውስጥ ስለማይቀበላት በጭረት ተተካች። «2013-12-ዳባት-ተዝካር» ማለት ይሆናል።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ደባርቅ ያሉትን አክስቴን በስልክ አማከርኩ። «አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ስም የለውም እንዴ? ተዝካሩን ከነወሩ ትጠራለህ፤ እሱንስ ማን ይጥራው?» አሉኝ።

እነሆ አሁን ዓመቱና ወሩ የማኅደሩ ስም ሆነዋል፤ የፋይሉ ስም ግን በሰውየው ይጀምራል፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ይህ ለክብር ያህል ብቻ የተደረገ አይደለም። ሁለት ፋይሎች አንድ ስም ሲይዙ አንዳንዱ ማከማቻ ጎን ለጎን ያኖራቸዋል፤ አንዳንዱ ለሁለተኛው ቁጥር ይጨምርለታል፤ አንዳንዱ ደግሞ የፊተኛውን ሰርዞ የኋለኛውን ይተካል። እስከ አባት ስማቸው ድረስ ሞክሼ የሆኑ ዘመዶች ባሉበት ቤት፣ የአያት ስም ፎቶን ከመጥፋት ያድናል።

የቀረው ሥራ የሰው ነው። በአሮጌዎቹ ፎቶዎች ጥግ ላይ የቆሙትን ለይቶ የሚያውቅ እየቀነሰ ሄዷል፤ አክስቴም ሰማንያን አልፈዋል። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ልጃቸው ፎቶውን ታሳያቸዋለች፤ እሳቸው ስም ይጠራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። የማያውቁት ሲገጥማቸው «ቆይ፣ ዳባቶቹን ጠይቅ» ይላሉ። «ያልታወቀ» ብዬ እንዳስቀምጥ እስካሁን አልፈቀዱልኝም።