«ቲቸር፣ እኛ ስንት ዓመት እንኖራለን ታዲያ?»

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። «በቀን አንዴ ብቻ ብሉ፣ እርጅና ይሸሻችኋል» ይላል። ከላኩልኝ መካከል የቀድሞ ተማሪዎቼም አሉበት፤ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። እሱን ከመመለሴ በፊት ግን በዚሁ ጉዳይ የቆየ ዕዳ አለብኝ።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. እዚሁ ጭሮ ነው። ባዮሎጂ እያስተማርኩ ከመጽሐፉ ወጣ አልኩና የአይጦቹን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ክላይቭ ማኬይ የሚባል ተመራማሪ፣ ምግብ የተቀነሰባቸው አይጦች እንደልባቸው ከሚበሉት የበለጠ እንደሚኖሩ አሳየ። «አያችሁ፣ ትንሽ የበላ ብዙ ይኖራል!» ብዬ ጨረስኩ።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛ ስንት ዓመት እንኖራለን ታዲያ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ልጁ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነበር። ስንቁን በሳምንት አንዴ ከቤተሰቡ ነው የሚያመጣው። ያ ዓመት ደግሞ ኤልኒኖ ያመጣው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ የመታበት፣ በአገር ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ የጠበቀበት ዓመት ነው። ልጁ ሲቀልድ አልነበረም። ይሄ የገባኝ ማታ ቤቴ ራት ቀርቦልኝ ነው። በማግስቱ ግን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፍኩ። መልሱን ሳልሰጠው ዓመቱ አለቀ።

ይኸው፣ ዘግይቶም ቢሆን።

አይጦቹ የተቀነሰባቸው ጉልበት ሰጪው ምግብ ነው። ፕሮቲኑ፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑ እንዲሟላላቸው ተደርጓል። ያሉት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ወባ አይነድፋቸው፣ ውሃ ለመቅዳት ዳገት አይወጡ። እኔ ይህን ሁሉ ትቼ «ትንሽ መብላት»ን ብቻ ነበር የነገርኳችሁ።

ቀጥሎ በጦጣዎች ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዊስኮንሲን ጥናት መቀነስ ጥቅም አለው አለ። በ2012 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም ጥናት ደግሞ በዕድሜ ላይ ልዩነት አላየሁም አለ። እንዴት? አንዱ ምክንያት፣ ዊስኮንሲን ላይ ማነጻጸሪያ የሆኑት ጦጣዎች ስኳር የበዛበት ምግብ እንዳሻቸው ይበሉ ነበር። በሌላኛው ግን ማነጻጸሪያዎቹም የሚበሉት በልክ ነበር። ስለዚህ መቀነስ በደንብ የጠቀመው አብዝቶ ይበላ የነበረውን ነው።

በሰው ላይም 218 ጤነኛ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት አብዛኞቹ ለሁለት ዓመት ምግባቸውን በሩብ እንዲቀንሱ ተጠይቀው ነበር። የቻሉት 12 በመቶ ገደማ ነው። የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ተሻሻለ፤ የአጥንታቸው ጥንካሬ ግን ቀነሰ። ዕድሜ ይጨምር አይጨምር በሁለት ዓመት አይታወቅም።

ሳይወዱ በግድ መቀነስስ? በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ የአገራችን ሕፃናት ካደጉ በኋላ ተለክተዋል። ረሃቡ ክፉኛ ያገኛቸው፣ ያኔ ከፍ ብለው ከነበሩት ልጆች ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። ረሃብ ያሳደረባቸው ምልክት ከሃያ ዓመት በኋላም አልጠፋም።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ጫት። ከሂርና እስከ ገለምሶ ያለን ሁላችን እናውቀዋለን። ውስጡ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በርጫ ላይ ውሎ ራት የዘለለ ሰው «ምግብ ቀንሻለሁ» ሲል እሰማለሁ። ኧረ ወንድሜ፣ ሰውነትህ የሚፈልገው እኮ እንዳለ ነው፤ ረሃቡ ስላልተሰማህ ብቻ ነው!

እንግዲህ ቪዲዮውን ለላካችሁልኝ፦ ማዕዳችሁ ሙሉ ከሆነ፣ ስኳርና ዘይት የምታበዙ ከሆነ፣ መቀነሱ ይጠቅማችኋል። ሳትጠግቡ እጅ መታጠብን አባቶቻችን ያውቁበታል። ግን ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ይህን አይሞክሩት። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምግብ አትዝለሉ። ዕድሜያችን የገፋው ደግሞ ጡንቻ ስለሚከዳን ቦሎቄውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን አንተው። እናት አባታችሁ «አልራበኝም» ሲሏችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ አንዳንዴ ለእናንተ እየተዉላችሁ ነው።

አንተ ከኋላ የነበርከው ልጅ፣ ጥያቄህ ከእኔ ትምህርት ይበልጥ ነበር። ትንሽ መብላት ዕድሜ የሚጨምር ከሆነም፣ የሚጨምረው ምግቡ እያለው ለሚተው ሰው ነው። ያኔ ለአንተ የሚያስፈልግህ ምሳ ነበር፤ እኔ ግን ስቄ አለፍኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ይህን ካነበብክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ጭሮ ስትመጣ ምሳ እኔ ጋ ነው።