እባቡ የቀረበት ተረት

የኦርፊየስን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዘፋኝ ነው፤ ሚስቱን ዩሪዲሲን እባብ ነድፎ ይገድልበታል። ሙታን አገር ድረስ ወርዶ ይዘፍንና ንጉሡን ሄዲስን ያራራዋል። «ውሰዳት፤ ግን እስክትወጡ ወደ ኋላ እንዳትዞር» ይባላል። ይዞራል። በቃ።

አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አናይስ ሚቸል ይህንን ይዛ እ.ኤ.አ. በ2006 ቬርሞንት ውስጥ በትንሽ የአካባቢ ቴአትር ጀመረች። በ2010 አልበም ሆነ፤ በ2019 ብሮድዌይ ገባና ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር የሚለውን ጨምሮ 8 የቶኒ ሽልማቶችን ወሰደ። «ሄድስታውን» ይባላል። መድረኩን በአካል አላየሁትም፤ የማውቀው በአልበሙ ነው፤ እሱን ግን ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ።

ሚቸል እባቡን አውጥታ ጣለችው። የሷ ዩሪዲሲ ወደ ታች የምትወርደው ተነድፋ ሳይሆን ርቧት ነው። ብርዱ በርትቷል፣ የሚበላ የለም፣ ኦርፊየስ ዘፈኑን ልጨርስ ብሎ ጭልጥ ብሏል። ሄዲስ መጥቶ ሥራ አለ ይላታል። ትፈርማለች። የሙታኑ አገር እዚህ ፋብሪካ ነው፤ ሠራተኞቹ ግንብ ሲገነቡ ይኖራሉ፣ ውለው አድረው ማን እንደነበሩም ይረሳሉ። (የግንቡ ዘፈን በ2010ሩ አልበም ላይ ነበር። ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ የግንብ ወሬ ሲነሳ ለዚያ ሰሞን የተጻፈ የመሰለው ሰው ብዙ ነው።)

ተረቱ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ እንዴት አላረጀም ለሚለኝ ሰው መልሴ ይቺ ፊርማ ናት። የግሪክ ተረት አጥንቱ ጥቂት ነው፤ ሥጋውን የሚያለብሰው የየዘመኑ ሰው ነው። የጥንት አቴናውያንም ቴአትር ቤት ሲሄዱ መጨረሻውን ያውቁት ነበር፤ መዘምራኑ እየዘፈኑ እየጨፈሩ የሚያሳዩአቸው እንዴት እዚያ እንደሚደረስ ነው።

የሆርሄ ሪቬራ ኤራንስ «ኤፒክ»ም ከዚሁ ወገን ነው። የኦዲሴየስን የመልስ ጉዞ በ40 ዘፈኖች ከፋፍሎ፣ አሠራሩን በቲክቶክ እያሳየ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ ጨረሰው። ዜማው እንደ ቪዲዮ ጌም ይነዳችኋል፤ ለኔ ግን ጩኸቱ ትንሽ በዛብኝ። በነገራችን ላይ፣ በሆሜር ግጥም አማልክቱ ኦዲሴየስ አገሩ ይግባ ብለው የወሰኑት ጠላቱ ፖሲዶን በሌለበት ነው። የት ሄዶ? ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ላይ።

ወደ ፊርማው ልመለስ። ታላቅ እህቴ ቤይሩት አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች፤ ፓስፖርቷ የሚቀመጠው የማዳም መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድ እሑድ ቡና እየቆላች «ሄድስታውን»ን ከፍቼ እየተረጎምኩ አሰማኋት። ስለ ኦርፊየስ የሚጽፍ ሁሉ የሚጨነቀው ለምን ዞረ በሚለው ነው፤ ተጠራጥሮ ነው? ስለወደዳት ነው? እኔም እዚያ ላይ ስደርስ ድምፄን ለወጥ አድርጌ እንድታዝን ጠበቅኩ።

«መዞሩንስ ተወው» አለችኝ። «ሲርባት የት ነበር?»

ዘፈን እየሠራ ነበር አልኳት። ሳቀች፤ ቡናውን አውርዳ ጭሱን አሸተተችኝና የፊርማውን ዘፈን ድገመው አለች።