በበረዶው ወራት ይምጡልን

ሞራ፣ በሲልያን ሐይቅ ዳር፤ የካቲት 23 ቀን

ይድረስ ለውድና ለተከበሩ አባቴ፤
ባሕር ዳር።

ጾሙን እንዴት ይዘውታል? እኔ፣ ባለቤቴና የልጅ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከጎተንበርግ መጥታ ከእኛ ጋር የሰነበተችው እኅቴ ከነባልዋ፣ የልዑል እግዚአብሔር ስሙ ይክበር ይመስገን፣ ሁላችን ደኅና ነን።

ባለፈው ደብዳቤዎ ሰው በበረዶ ውስጥ እንዴት ለመኖር እንደሚችልና ሐይቅ ሲረጋ ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ ስለ ጠየቁኝ፣ ከስቶክሆልም ሆኜ በችኮላ ከምመልስልዎ ይልቅ ነገሩን በስፍራው ተገኝቼ ባስረዳዎ ይሻላል ብዬ እስከ ዛሬ ቆየሁ። ደግሞም ዘመዶቻችን ሁሉ «ሽማግሌ በብርድ አይጓዝም፤ ሙቀቱ ሲገባ ይሂዱ» እያሉ እንደሚመክሩዎት ሰምቻለሁና፣ ምክራቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን ሳልዘነጋ፣ እኔ የተለየ አሳብ የያዝሁበትን ምክንያት ልገልጥልዎ እወዳለሁ።

በዚህ አገር ልማድ የልጆች ትምህርት ቤት በብርዱ ወራት መካከል ለአንድ ሳምንት ይዘጋል። የዚህ ዕረፍት መነሻ ችግር ነበር፤ ይኸውም በ1940 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማገዶ እጥረት ባመጣ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቶቹን ለማሞቅ የሚነደውን ከሰል ለመቈጠብ ሲባል ተማሪዎችን ወደ ቤታቸው መስደድ ግድ ሆነ፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ሕዝቡ ያን የችግር ሳምንት ወላጆችና ልጆች አብረው ወደ ተራራና ወደ ሐይቅ የሚወጡበት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚናፈቅ ሳምንት አደረገው። እኛም ዘንድሮ ሳምንቱ ከዘወረደ ጋር ስለ ገጠመልን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ እንጀራውንና ጀበናውን ይዘን ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን ምዕራብ 4 ሰዓት ያህል በባቡር ተጕዘን ዳላርና ወደሚባለው አውራጃ መጣን።

የተከራየነው ቤት፣ እነርሱ ስቱጋ የሚሉት፣ የጥድ ግንድ በግንድ ላይ ተጋድሞ የተሠራ፣ ከሐይቁ ዳር የማይርቅ ትንሽ ቤት ነው። ግድግዳው እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ደብዘዝ ባለ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ይህ ቀለም የሚገኘው በዚሁ አውራጃ በፋሉን ከተማ ካለው ጥንታዊ የመዳብ ማውጫ ሲሆን፣ ጕድጓዱ ለሺህ ዓመት ያህል ሲቈፈር ኖሮ በ1992 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም፣ ከማዕድኑ ትራፊ የሚዘጋጀው ቀለም እንጨቱን ከመበስበስ ስለሚጠብቅ የስዊድን ገጠር እስከ ዛሬ አልተለየውም። ምድር ሁሉ ጸዓዳ ለብሳ፣ ዕፀዋቱም እስከ ጫፋቸው በአመዳይ ተሸፍነው ሰማይና ሐይቅ አንድ በሚመስሉበት በዚህ ወራት፣ መንገደኛ ከሩቅ አይቶ ልቡን የሚያሳርፍበት ይኸው ቀይ ግድግዳና ከላዩ የሚወጣው ጢስ ነው።

ሲልያን ከጣና ጋር ሲተያይ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 290 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ የእርስዎ ጣና ከዐሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በጥልቀት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የጣና ጥልቅ ስፍራ 14 ሜትር ግድም ሲሆን የሲልያን ከ100 ሜትር ያልፋል። የምድርን አፈጣጠር የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ከ380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወረደ ታላቅ ድንጋይ ይህን ምድር መትቶ፣ በአውሮፓ ከሚታወቁት መሰሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ክብ ጕድጓድ አበጀ፤ ሲልያንና አጎራባቾቹ ሐይቆችም በዚያ ክበብ ዳርቻ ውኃ የሞላባቸው ዝቅተኛ ስፍራዎች ናቸው።

ዓሣውን በተመለከተ፣ አባቴ፣ ጥያቄዎ ከሥነ ፍጥረት ታላላቅ ምሥጢራት አንዱን የነካ ነው። ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በቀዘቀዘ መጠን እየከበደ ይሄዳል፤ ውኃም እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ተመልሶ እየቀለለ ስለሚመጣ፣ እጅግ የቀዘቀዘው ከላይ ይሰፍፋል፣ የሚረጋውም ከላይ ነው፤ የረጋውም ለታችኛው ጣራና ልብስ ሆኖ ብርዱን ይከለክልለታል። ስለዚህ በላዩ የሰው እጅ የሚያደርቅ ውርጭ ሲነፍስ በጥልቁ ያለው ውኃ በ4 ዲግሪ ላይ ጸንቶ ይቈያል፤ ዓሣውም በዚያ ዝግ ብሎ፣ ጥቂት እየተመገበ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ይጠብቃል። ውኃ እንደ ሌላው ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ከመሠረቱ ጀምሮ በረጋ፣ በውስጡ የሚንቀሳቀሰውም ሁሉ ባለቀ ነበር። ይህን ለልጆቹ በገለጥሁላቸው ጊዜ ታላቂቱ የልጅ ልጅዎ «ታዲያ ውኃውን ማን አዘዘው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም መልሱን ከእርስዎ አንደበት ትስማው ብዬ አቈየሁላት።

በረጋው ሐይቅ ላይ መሄድ ሥርዓት አለው። ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸው ከእርስዎ ጋር የሚስተካከል አንድ ሽማግሌ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁላችንን ሰብስበው በጥንቃቄ አስተማሩን፦ ጽኑ በረዶ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሰውን በደኅና ይሸከማል፤ ቢሆንም ወንዝ የሚገባበትና ድልድይ ያለበት ስፍራ ሁልጊዜ አይታመንም፤ ተጓዥ ሁሉ ጫፉ ሹል የሆነ ዘንግ ይዞ ፊቱን እየወጋ ይፈትናል፤ ባንገቱም ሁለት አጫጭር የብረት ችንካሮች ያንጠለጥላል፣ ምናልባት በረዶው ቢከዳው በእነርሱ ቆንጥጦ እንዲወጣ። ከዚያ በኋላ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ በረዶውን በስተው፣ በአጭር ዘንግ ክር አውርደው፣ ጀርባው መስመር ያለበት ክንፈ ቀይ ዓሣ አውጥተው ለልጆቹ ሰጧቸው። ጾም መሆኑን ስንነግራቸው ቅር ሳይላቸው ተቀበሉን፤ በማግስቱ በዓሣው ፈንታ ከዱር ፍሬ ያፈሉትን ጭማቂ ይዘው መጡ። ሰዉ ዝምተኛ ነው ሲባል እንሰማለን፤ እኔ ግን በብርዱ ወራት እርስ በርሱ የሚጠባበቅ፣ የጎረቤቱ ጢስ ባይወጣ የሚደነግጥ ሕዝብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፀሐይ በታኅሣሥ 6 ሰዓት እንኳ አትቈይም፤ አሁን ግን በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ገደማ ወጥታ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ትጠልቃለች። ሲመሽና ብርዱ ሲበረታ በረዶው እየተኰማተረ ይሰነጠቃል፤ ድምፁም በሐይቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር እንደ ነጋሪት ያስተጋባል። ትንሹ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት ፈርቶ ከአልጋው ወረደ፤ ሽማግሌው ግን ይህ ድምፅ ብርዱ መጥበቁንና በረዶውም እየወፈረ መሄዱን የሚያበሥር ነው ብለው ስለ ነገሩት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሳይሰማ አልተኛም ይላል።

አመዳይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ነው የሚሉ ሰዎች መጻሕፍቱን አላስተዋሉም እላለሁ። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ቆሞ የገለበጠው የቀድሞ ንጉሥ ጽሕፈት፣ ሠራዊቱ በሰሜን ተራሮች ላይ እስከ ጕልበት በሚያሰጥም በረዶ ውስጥ መዝመቱን ያወሳል። እርስዎም በጸሎትዎ የሚያነሷቸው ሠለስቱ ደቂቅ፣ በእቶኑ ነበልባል መካከል ቆመው ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ፣ ብርዱንና አመዳዩን፣ ውርጩንም አልተዉም። እኔ ይህን ጸሎት ከልጅነቴ ጀምሮ ከእርስዎ ስሰማው ኖሬ፣ በዚህ ሳምንት ማለዳ በሩን ከፍቼ ያን የጠራ ጸጥታ ሳይ፣ ነፍሴ ከምስጋናቸው ጋር ተባበረች።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ሙቀቱ ሲገባ ቢመጡ እኛን አያገኙንም። በዚያን ጊዜ ፀሐይ እስከ እኩለ ሌሊት ግድም ብርሃኗን ስለማትከለክል፣ ትልቁም ትንሹም በየፊናው ይበተናል፤ ልጆቹ ከሜዳ አይገቡም፣ እኛም ሥራና እንግዳ ይሻማናል። በዚህ በበረዶው ቤት ግን ብርዱ ራሱ ሰብሳቢ ነው። ማታ ማታ ሁላችን በብረቱ ምድጃ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ቅርፊቱ ነጭ የሆነው የቢዮርክ እንጨት በመልካም ጠረን ይነዳል፤ ባለቤቴ ቡናውን በዚያው ምድጃ ላይ ትቈላለች፤ እኅቴም ከአቦል እስከ በረካ የእናታችንን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ተረቶች ትተርካለች። ልጆቹ፣ በከተማ አማርኛውን የሚሸሹት እነዚሁ ልጆች፣ ነጋሪዋ እንዳታቋርጥባቸው ሲሉ በአማርኛ ይጠይቃሉ። የዚህ አገር ገበሬና እንጨት ቈራጭም እንዲሁ በረጅሙ ሌሊት በእሳት ዳር ተቀምጦ ትርፍራፊ እንጨት እየጠረበ ለልጆቹ ፈረስ ይሠራ ነበር፤ ከዚህ አጠገብ በኑስኔስ መንደር ዛሬም ያን ፈረስ እየጠረቡ በቀይ ቀለምና በአበባ ሐረግ ያስጌጡታል። የልጅ ልጅዎ አንዱን በራሱ ገንዘብ ለእርስዎ ገዝቷል።

ዛሬ ደግሞ ቅድስት ሰንበት ነች፤ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ስለ ሆነብን በማለዳ ዳዊታችንን በቤት ደግመን ወደ ሞራ ከተማ ወጣን። በመጋቢት የመጀመሪያ እሑድ፣ በፈረንጆቹ አቈጣጠር ማለቴ ነው፣ ከሴለን እስከ ሞራ 90 ኪሎ ሜትር በበረዶ መንሸራተቻ የሚሮጥበት ቫሳሎፔት የሚባል ውድድር አለ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በ1520 እ.ኤ.አ. የዴንማርኩ ንጉሥ በስቶክሆልም ብዙ መኳንንትን ባስፈጀ ጊዜ አባቱ የተገደለበት ወጣቱ ጕስታቭ ቫሳ ወደዚህ ሸሽቶ የሞራን ሰዎች ለነጻነት እንዲነሡ ቢለምናቸው እንቢ አሉት፤ እርሱም ተስፋ ቈርጦ ወደ ኖርዌይ መንገድ ከጀመረ በኋላ ሰዎቹ ተጸጽተው ሁለት ፈጣን ሯጮች በበረዶው ላይ ላኩበትና በሴለን ደርሰው መለሱት፤ በ1523 ነገሠ። ውድድሩ በ1922 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ዛሬ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ያን የመመለሻ መንገድ ይሮጠዋል።

ዘንድሮ ያ እሑድ ከየካቲት 23፣ ከዓድዋ ድል ቀን ጋር ገጠመ። ሯጮቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት አጠገብ ወዳለው መጨረሻ ሲገቡ፣ ጢማቸው በውርጭ ነጥቶ፣ አንዳንዱም እያነባ ሲደርስ፣ ልጁ እጄን ይዞ «እኛስ ዓድዋን እንዴት እናስባለን?» አለኝ። እኔም በ1888 ዓ.ም. አባቶቻችን በእግራቸው ስንት ወር ተጕዘው እንደ ደረሱ፣ በዘመናችንም ከአዲስ አበባ ተነሥተው እስከ ዓድዋ ያን ፍኖት በእግራቸው የሚሄዱ ወጣቶች እንዳሉ ነገርሁት። የእኅቴ ባል ደግሞ አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት ኦኒ ኒስካነን ከዚሁ አገር የመጡ መሆናቸውን፣ አበበም እግሮቹ ከሰለሉ በኋላ በኖርዌይ በረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድሮ ማሸነፉን ሲነግረው፣ ልጁ ከዚያ ወዲያ ዝም አላለም፤ ወደ ቤት እስክንገባ ድረስ ስለ ሁለቱም መንገዶች ሲጠይቅ ነበር። ይህን ሁሉ እኔ ከምነግረው ይልቅ፣ ከዓድዋ ዘማች አያትዎ ጕልበት ሥር ተቀምጠው ታሪኩን የሰሙት እርስዎ ቢነግሩት እንዴት በተሻለ!

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት በየካቲት ይምጡልን። ይህንኑ ቤት ለዚያው ሳምንት አስይዘነዋል፤ የጥሪውን ወረቀትም በዚህ ወር እልካለሁ። ስለ መራመድ አይጨነቁ፤ እዚህ ስፓርክ የሚሉት፣ በሁለት ረጃጅም ብረቶች ላይ የተተከለ ወንበር አለ፤ አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ በእግሩ እየገፋ ይነዳዋል፤ የአገሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ገበያ የሚወጡበት ነው። ጎረቤታችን የራሳቸውን ሊያውሱን ቃል ገብተዋል፤ ልጆቹም ማን እርስዎን በሐይቁ ላይ እንደሚነዳ ከወዲሁ ተራ ተከፋፍለዋል። ወፍራሙን ጋቢዎን ይዘው ይምጡ፤ ከካፖርት በላይ ይደረባል። ጠጕር የገባበት ጫማ እዚህ እንገዛልዎታለንና የእግርዎን ልክ በወረቀት ላይ አስምረው በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይላኩልን።

አክባሪ ልጅዎ