«ቤቴ የታለ?»

አያቴ የደብረ ሲናውን ቤቷን ሸጣ ሸዋ ሮቢት አጎቴ ዘንድ ልትገባ ነው፤ ብርዱ ጉልበቷን ያዛት። ለገና የቤቱን የመጨረሻ ፎቶ ላነሳ ሁለት አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ይዤ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወረድኩ።

ኒኮን ዲ90 እና ካኖን ፓወርሾት ኤ590፤ ሁለቱም በ2008 እ.ኤ.አ. የወጡ። ኒኮኑ ሌንሱ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ በስፋት የካኖኑን 15 እጥፍ ስለሚሆን፣ ማታ በአንድ አምፖል እንኳ ያለ ፍላሽ ጥርት አድርጎ ያነሳል። የካኖኑ የማታ ፎቶ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና የቱን ትሸጫለሽ ብባል ኒኮኑን እል ነበር።

ግን አያቴ ትልቁን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ደረቀች። በማግስቱ ደግሞ ባትሪው አለቀ፤ ቻርጀሩን አዲስ አበባ ረስቼዋለሁ! ካኖኑ የሚሠራው በሁለት ትናንሽ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ከሱቅ ገዝቼ፣ ቡና ስታፈላ ሳታየኝ አነሳኋት።

ፎቶዎቹን አሳጥቤ ሸዋ ሮቢት ወሰድኩላት። የኒኮኑን አገላብጣ አየችና «ያምራል፤ ቤቴ የታለ?» አለች። እውነቷን ነው። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ስላነሳሁ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ደብዝዟል። ትንሽ ሴንሰር ግን ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ይይዛል፤ በካኖኑ ፎቶ መደቡም፣ ረከቦቱም፣ የልጅ ልጆቿን ቁመት በከሰል የለካችበት የበር መቃንም አለ።

መነጽሯን አድርጋ መስመሮቹን በጣቷ ቆጠረች።

«ይኸኛው ያንቺ ነው» አለችኝ።