መርፌ ስትቀዳ አታናግሯት

መተማ ውስጥ ባለችው ገንዳ ውሃ ከተማ በር የሚዘጋ ሰው የለም። በበጋው ሙቀት ቢሮውም፣ ፋርማሲውም፣ የነርሶች ክፍሉም በሩን ወለል አድርጎ ነው የሚሠራው። ሌላ ቦታ የተዘጋ በር «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል፤ እዚህ ግን በሩ ለማንም ምንም አይናገርም። ያየው ሁሉ ይገባል፣ ሰላም ይላል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል። ሰላምታችንን እወደዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሰዓቱ ነው።

ካላዛር የተባለውን በሽታ እንውሰድ። ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ ወደ መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ ሜዳ ላይ ሲያድሩ የአሸዋ ዝንብ እየነከሰቻቸው ይታመማሉ። የተለመደው ሕክምና የስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን መርፌ ነው፤ 17 ቀን፣ በየቀኑ። መጠኑ በታማሚው ኪሎ ይሰላል፤ ስቲቦግሉኮኔት ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊግራም። 48 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 960 ሚሊግራም፣ ብልቃጡ በአንድ ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ከያዘ 9.6 ሚሊሊትር ማለት ነው። ነርሷ ይህን አስልታ መቅዳት ስትጀምር አንዱ ብቅ ይልና «ሲስተር፣ አንዴ ላስቸግርሽ» ይላታል። ቀና ትላለች፣ ትመልሳለች። ወደ ሲሪንጁ ስትመለስ በአእምሮዋ ያለው ቁጥር የዚህኛው ነው ወይስ የቀጣዩ ታማሚ? መድኃኒቱ ደግሞ ሲበዛ ልብና ቆሽትን የሚጎዳ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ሲድኒ ውስጥ 98 ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ የተከታተለና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እያንዳንዱ ማቋረጥ ከ12.7 በመቶ የሕክምና ስህተት ጭማሪ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አሜሪካም ከ1981 ጀምሮ አብራሪዎች ሲነሡና ሲያርፉ፣ ከ10,000 ጫማ በታች፣ ከበረራው ውጪ ወሬ እንዳያወሩ በሕግ ከልክላለች። በአንዳንድ አገር ያሉ ነርሶች መድኃኒት ሲያዞሩ «አታቋርጡኝ» የሚል ቀይ ሰደርያ ይለብሳሉ።

ምልክት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጠላ ቤት ደጃፍ እንጨት ላይ ጣሳ ከተደፋ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ማንም ገብቶ «አለ ወይ?» አይልም። ጣሳው የሚታመነው ግን እውነት ስለሚናገር ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን «ስብሰባ ላይ ናቸው»ን ጠዋትም ማታም እየደጋገሙ ባለጉዳዩ ቃሉን ማመን እንዲተው አድርገውታል። መቼም የማይወርድ ምልክት፣ ሰው ላለማየት የተሰቀለ መጋረጃ ነው።

ስለዚህ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ ወገኖቼ፦ በሩን ተዉት። መድኃኒት የሚቀዳበት ጠረጴዛ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሩ፤ ቀድታችሁ እንደጨረሳችሁ ፍቱት። በዚያ ሰዓት ጥያቄ የሚቀበል አንድ ሰው መድቡ፤ ያለዚያ አስታማሚው ምልክቱን ቢጥስ አልፈርድበትም፤ የሚወደው ሰው ተኝቶበታል። ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ማንኛውም ጨርቅ ይታለፍ።

እኛ ጠያቂዎች ደግሞ ቀዩን ስናይ ቆም እንበል። ሰላምታው መርፌው ተወግቶ ካለቀ በኋላ ይደርሳል።