የዶርዜ ቁልቁለትና የኩሽኔታው ድምፅ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው መንገዱን አይረሳውም። ጥቂት ኩርባዎች ወጥቶ ዞር ሲል ሁለቱ ሐይቆች ከሥሩ ተዘርግተው ይታዩታል፤ ዓባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመካከላቸው ደግሞ “የእግዜር ድልድይ” የሚባለው ጉብታ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ከ2,500 ሜትር በላይ። አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከሙዝና ከማንጎ ሙቀት ተነሥተው እንሰትና ቀርከሃ ያለበት ጭጋግ ውስጥ ይገባሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን፣ ባሏንና የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን ልጠይቅ ወደዚያ ወርጄ ነበር። ቤታቸው ሲቀላ ነው። አማቼ ጨንቻ ያስተምራል፤ በሞተር ሳይክል ይመላለሳል። እኔ በደረስኩ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ “አባባ፣ ዛሬ እኔና እርስዎ ዶርዜን አይተን እንምጣ። ነገ ደግሞ ትንሿን ይዘናት እንወጣለን፤ በሞተር ካልሆነ አልሄድም ብላለች” አለኝ። እናቷ ከኋላ፣ እሷ መሃል፣ አባቷ ከፊት። እኔ በሚኒባስ ልከተላቸው ነበር የታሰበው።

ዶርዜ ስንደርስ ብርዱ ጋቢ ያስፈልግ ነበር። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የምናየው ጥበብ ሥሩ እዚህ ነው። በቀርከሃ የተሠራው ቤት ከፊት ሲታይ የዝሆን ራስ ይመስላል። ትኩስ ቆጮ በማርና በዳጣ ቀርቦልን ስንበላ፣ ባለቤቱ አዛውንት ስለ ቤታቸው አጫወቱን። ቤቱ ሲሠራ በጣም ረጅም ነው፤ ምስጥ ከሥር ከሥር ሲበላው ግን ዓመት በዓመት ዝቅ ይላል። “ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ሥሩን ያላየ ሰው አያውቅም” አሉኝ። ያን ጊዜ ስለ ቤት ብቻ የተነገረኝ መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ መንገዱ በዚያ ዘመን ጠጠር ነበር፤ ቁልቁለቱም ረጅም። አማቼ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ ሞተሩን አጠፋው። ልማዱ አልወደድኩለትም፤ ግን ያ ልማዱ ነው የጠቀመን። ሞተሩ ዝም ሲል ከሥራችን ሌላ ድምፅ ቀረ። እንደ ሩቅ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። ፍጥነት ስንጨምር ይጨምራል፤ ስንቀንስ ይቀንሳል።

“ልጄ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የለም እንዴ? ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ጠጠሩ ነው አባባ፣ አይስጉ።”

ሲቀላ ገብተን አስፋልቱን ስንይዝ ድምፁ አብሮን ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው ማለት አልተቻለም።

ገበያው አጠገብ ወደሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ ዘንድ ሄድን። ከሞተሩ ሥር ግንድ አስገብቶ የፊት ጎማውን ከመሬት አነሣው። ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጎን ገፋ ሳብ አደረገው። ቀጭን “ቀጭ ቀጭ” ተሰማ። “ጋሼ፣ እስቲ ይሞክሩት” አለኝ። ያዝኩት፤ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ነው። ደህና ጎማ ወደ ፊት ይዞራል እንጂ ወደ ጎን አይላወስም።

ጎማውን ፈቶ ኩሽኔታዎቹን አወጣ። ኩሽኔታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም “ትንሽ ትራስ” ማለት ነው። ጎማው የሚያርፍበት ትራስ እሱ ነው፤ በሁለት ቀለበቶች መካከል የሚንከባለሉ ኳሶች፣ በግራሶ የረጠቡ። የእኛው ግን ግራሶ አልነበረበትም። ያለው ዝገት የቀላቀለ ቡናማ ጭቃ ነው። ኳሶቹን አራርቆ የሚይዘው ቀጭን ብረት ተሰብሮ ኳሶቹ ወደ አንድ ወገን ተሰብስበዋል።

መካኒኩ አማቼን ቀና ብሎ አየውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ “ልጅ ትጭናለህ?”

አማቼ አልመለሰለትም።

ምክንያቱን ስንጠይቀው ሦስት ነገር ነገረን። አንደኛው እጥበት ነው። አማቼ ጭቃውን ለማስለቀቅ በየሳምንቱ በኃይለኛ ፓምፕ ያሳጥባል፤ ውኃው በቀጥታ የጎማው መሃል ላይ ሲተኮስ የመከላከያውን ላስቲክ አልፎ ይገባና ግራሶውን ያበላሸዋል። ወንዝ ማቋረጥም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው አቧራ ነው፤ ላስቲኩ ከተቀደደ ደቃቁ አሸዋ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሦስተኛው አገጣጠም ነው። ኩሽኔታ ሲገባ የሚመታው የውጭው ቀለበት ብቻ ነው። በውስጠኛው ቀለበት ላይ መዶሻ ካረፈ ኳሶቹ መሄጃቸውን ይጎደጉዱታል፤ አዲሱ ዕቃ ገና ሳይሠራበት ይታመማል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የሚገባው ቱቦም ከተረሳ ዘንጉ ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹን ወደ ጎን ያጨናንቃቸዋል።

ከዚያ አሮጌውን በእጃችን ይዘን መለዋወጫ ቤት ገባን። ጠርዙ ላይ 6301 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሚስጥር አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የውስጡን ቀዳዳ ይነግራሉ፤ 01 ከሆነ 12 ሚሊ ሜትር፣ 02 ከሆነ 15፣ 03 ከሆነ 17 ነው፤ ከ04 ጀምሮ በአምስት ማባዛት ነው። 6301 ውጩ 37፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6201 ቀዳዳው አንድ ዓይነት ቢሆንም ውጩ 32፣ ውፍረቱ 10 ብቻ ነው። ስለዚህ “ቀዳዳው ልክ ነው” ተብሎ አይገዛም። ቀድሞ የገጠመው ሰው ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችልም ቁጥሩን ከሞተሩ መመሪያ ጋር ማስተያየት ደግ ነው።

ሻጩ ሁለት ዓይነት 6301 አወጣልን። ርካሹ በሁለቱም ጎን በቆርቆሮ የተሸፈነው፣ “ዜድዜድ” የተጻፈበት ነው። ሌላው በሁለቱም ጎን ላስቲክ ያለው፣ “2አርኤስ” የሚባለው። ቆርቆሮው ትልልቁን ቆሻሻ ይመልሳል እንጂ ውኃ አይከለክልም፤ ለጭቃና ለወንዝ መንገድ ላስቲኩ ይሻላል። እኔ ርካሹን በጣቴ ባሽከረክረው እንደ ልጆች መጫወቻ ብዙ ዞረ። “ይሄ ይሻላል መሰለኝ” አልኩ። መካኒኩ ሳቀ፤ “ጋሼ፣ እንዲህ የሚበረው ግራሶ ስለሌለው ይሆናል። በግራሶ የተሞላው ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ ነው የሚዞረው” አለኝ። ካርቶኑ ላይ ያለውንና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርም አስተያየ፤ የስመ ጥር ፋብሪካ ስም ያለበት ሆኖ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ ከሆነ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ከውድዎቹ ሁለት ገዛን፤ አንዱ ሲሞት ሌላውም ያንኑ ጭቃ ጠጥቷልና ጥንድ ሆነው ነው የሚቀየሩት። የመከላከያ ላስቲኮቹንም ለወጥን። አሮጌው ኩሽኔታ አልተጣለም። መካኒኩ አዲሱ ላይ ደርቦት፣ የውጩ ቀለበት ላይ ብቻ እንዲያርፍ አድርጎ፣ ቀስ እያለ አስገባው።

ማታ እራት ላይ አማቼ ትንሿን ጠርቶ፣ “ነገ ከአያትሽ ጋር በሚኒባስ ነው የምትሄጂው” አላት። አኮረፈች። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ምንም አልጠየቀችውም። እኔም አልጨመርኩም። አባት ራሱ የወሰነውን አያት አይደግመውም።

እሑድ ከሚኒባሱ መስኮት አባቷን ከፊታችን ሲወጣ እያየች ኩርፊያዋ በሁለት ኩርባ አለቀ። ዶርዜ ደርሳ የቀርከሃውን ዝሆን ስታይ፣ “ኩምቢው የት ሄደ?” ብላ አዛውንቱን አሳቀቻቸው። ስንወርድ አማቼ ሞተሩን አላጠፋም።

ልጆቻችን በሞተር ሳይክል የሚተዳደሩብን ወላጆችና አያቶች ብዙ ነን። ጠንቅቀህ ንዳ ማለቱን አላቆምንም፤ ጎማውን ግን ነቅንቀንላቸው አናውቅም። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን አማቼ በወር አንዴ ሲደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነግረኝ አለ፤ “አባባ፣ ጎማውን ነቀነቅኩት። አይላወስም።”